ያልተመረመረ የስሕተት መንገድ ንጹሕን ያስቀጣል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በተመራቂ ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



 እንደዚህ ባለው በዓል የሚናገር ተማሪ ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ ጊዜ ዋጋ ቢናገር የተለመደ ነው። እኛ የመረጥነው ርእስ ግን ለጆሮ ጥቂት እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። ይኸውም በኮምፒዩተር ውስጥ ሜሞሪን፣ ማለት ማኅደረ ትውስታን፣ የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ነገር ሲበላሽበት የሚሄድበትን መንገድ ስለ መመርመር ነው። ርእሱ የጥቂት ባለሙያዎች ብቻ ቢመስልም፣ እስከ መጨረሻው ብትሰሙን ነገሩ ፍርድን የሚነካ መሆኑን እናስረዳችኋለን ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ፍርድን ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ራሳችን አንድ ንጹሕ ጓደኛችንን አስቀጥተናልና ነው። ታሪኩን ለመናገር እናፍራለን፤ ነገር ግን ሳንናገር ብንቀር ይህ ንግግር ባዶ ቃል ይሆናል።

የዛሬ ሁለት ዓመት እኛ የኮምፒዩተር ክበብ አባሎች ሲ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የመጽሐፍ ውሰት መመዝገቢያ ፕሮግራም ጻፍን። አንድ ተማሪ መጽሐፍ ሲዋስ ፕሮግራሙ ሦስት ነገር ያደርግ ነበር። መጀመሪያ የመጽሐፉን ስም በተማሪው መዝገብ ላይ ይጽፋል፤ ቀጥሎ ለደረሰኙ የሚሆን ሜሞሪ ከኮምፒዩተሩ ይጠይቃል፤ በመጨረሻም መጽሐፉን ከመደርደሪያው ዝርዝር ላይ ይቀንሳል። ደጋግመን ሞከርነው፤ ሁልጊዜም በትክክል ሠራ። መምህራኖቻችን አመሰገኑን፤ እኛም ኮራን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ጓደኛችን የፊዚክስ መጽሐፍ ሊዋስ መጣ። ፕሮግራሙ ስሙን ጻፈ፤ ሜሞሪ ሲጠይቅ ግን የለም ተባለ። በዚህ ጊዜ «አልተሳካም» የሚል ቃል በመስኮቱ ላይ አሳይቶ ሥራውን አቆመ። ልጁም መጽሐፉን ሳይወስድ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ነገር ግን መጀመሪያ በመዝገቡ ላይ የተጻፈውን የፋቀው አልነበረም። ዓመቱ ሲያልቅ፣ ተማሪ ሁሉ የተዋሰውን መልሶ ክሊራንስ በሚያስፈርምበት ጊዜ፣ ይህ ልጅ አንድ መጽሐፍ አጉድለሃል ተባለ። «አልወሰድሁም» አለ። ማለ፣ ተገዘተ። እኛ ተጠርተን ስንጠየቅ «ኮምፒዩተር አይዋሽም» ብለን መሰከርንበት። የመደርደሪያው ዝርዝር ያው መጽሐፍ በቦታው እንዳለ ይናገር ነበር፤ እኛ ግን የተበዳሪውን መዝገብ ብቻ እንጂ ሁለቱን አስተያይተን አላየንም። በቀን ሥራ የሚተዳደሩት አባቱ ከኮምቦልቻ መጥተው የመጽሐፉን ዋጋ ከፈሉ። ሲከፍሉ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ልጃቸውን ግን ቀና ብለው አላዩትም።

በክረምቱ መጻሕፍቱ ሲቈጠሩ አንድ የፊዚክስ መጽሐፍ ተርፎ ተገኘ። የጐደለ መጽሐፍ መፈለግ የተለመደ ነው፤ የተረፈ መጽሐፍ ግን ያስደነግጣል። ኮዱን መስመር በመስመር ስናነበው ጥፋቱ የእኛ ሆኖ አገኘነው። ገንዘቡ ለአባትየው ተመለሰ፤ እኛም ኮምቦልቻ ድረስ ወርደን ይቅርታ ጠየቅን። «ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ምን ማለት እንደ ሆነ የገባን በዚያ ቀን ነው።

ከዚህ በኋላ መምህራችን አልተቈጡንም፤ ሥራ ሰጡን እንጂ። ታላላቆቹ ባለሙያዎች ይህን የመሰለውን ችግር እንዴት እንደሚመረምሩት እናይ ዘንድ የሊኑክስን ኮድ እንድናነብ አዘዙን። ሊኑክስ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1991፣ ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት ወጣት በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የጀመረው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ዋናው እምብርቱ ከርነል ይባላል። ዛሬ በዓለም ላይ በሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች ይጽፉታል፤ በአንድሮይድ የሚሠሩት ስልኮችም ሁሉ በዚሁ ከርነል ላይ የቆሙ ናቸው። ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ውስጥ በብዙዎቻችሁ ኪስ ሊኑክስ አለ ማለት ነው። ኮዱም ማንም እንዲያነበው የተፈቀደ ስለ ሆነ፣ ደሴ ላይ ተቀምጦ ለሚያነበውና ቶኪዮ ላይ ተቀምጦ ለሚያነበው አንድ ነው።

የኮምፒዩተር ሥራ ሁሉ በሜሞሪ ላይ ይከናወናል። ሊኑክስ ይህን ሜሞሪ ገጽ እያለ ይከፋፍለዋል፤ በአብዛኞቹ ኮምፒዩተሮች አንዱ ገጽ 4,096 ባይት ነው። ፕሮግራሞች ሁሉ፣ ከርነሉ ራሱም ጭምር፣ ሲያስፈልጋቸው ይጠይቃሉ፤ ሲጨርሱ ይመልሳሉ። ሰጪውም ተቀባዩም የከርነሉ የሜሞሪ አስተዳደር ክፍል ነው። ይህን ለወላጆቻችን ለማስረዳት ከቅሬ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

በሌላ አገር እድር የሚሉትን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። እንግዲህ አንድ ቅሬ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ትልልቅ ድስት አለው እንበል። አንድ የሆጤ ሰው ልጁን ሊድር ተነሣና ወደ ዕቃ ጠባቂው ሄደ። ድንኳን ጠየቀ፤ ተሰጠውና ተከለ። አግዳሚ ጠየቀ፤ ተሰጠውና ከድንኳኑ ሥር ደረደረ። ድስት ሲጠይቅ ግን «ድስቱ ሌላ ቤት ነው» ተባለ። ያለ ድስት ሠርግ አይሆንምና ሠርጉ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ይህ ሰው አሁን ምን ማድረግ ይገባዋል?

መልሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አስቀድሞ አግዳሚዎቹን ይመልሳል፤ ቀጥሎ ድንኳኑን ይነቅልና ይመልሳል፤ ለሚዜውና ለአማቾቹም ሠርጉ እንደ ቀረ እውነቱን ይነግራል። ቅደም ተከተሉም ምክንያት አለው። ድንኳኑን መጀመሪያ ቢነቅል በወንበሮቹ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የመጨረሻው የተወሰደ መጀመሪያ ይመለሳል። በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ የስሕተት መንገዶች የተጻፉት ልክ በዚህ ሥርዓት ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ሳይሳካ ሲቀር ኮዱ ሁለተኛውን ወደሚመልሰው መስመር ይዘላል፤ ከዚያ ወደ ታች ሲወርድ የመጀመሪያውን ይመልሳል። ለዚህ ዝላይ የሚያገለግለው ጎቱ የሚባለው ትእዛዝ ነው። ጎቱ በብዙ መማሪያ መጻሕፍት የተነቀፈ ትእዛዝ ነው፤ የከርነሉ ጸሐፊዎች ግን ለዚህ ለመመለሻ ሥራ ይመርጡታል፤ ምክንያቱም ሁሉም መመለሻ በአንድ ቦታ፣ በግልጽ ቅደም ተከተል ስለሚታይ ነው።

አሁን ደግሞ ሰውየው የሚሳሳትባቸውን መንገዶች እንመልከት። ድስት በመከልከሉ ተናዶ ወደ ቤቱ ገብቶ ቢተኛ፣ ድንኳኑና አግዳሚው በስሙ እንደ ተያዙ ይቀራሉ። በማግስቱ አንድ ጎረቤት እናቱ ሞታበት ድንኳን ሊጠይቅ ቢመጣ ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህ በሜሞሪ ቋንቋ መፍሰስ ይባላል፤ የተወሰደው ሳይመለስ ቀረ ማለት ነው። ወይም ደግሞ ሰውየው ድንኳኑን መለሰ፤ ወንድሙም ሳያውቅ ዳግመኛ መለስን ብሎ አስመዘገበ እንበል። ጠባቂው አንዱን ድንኳን ሁለት ብሎ ይጽፍና ለሁለት ለቀስተኞች ይሰጠዋል፤ ሁለቱም በአንዱ ድንኳን ላይ ይጣላሉ። ይህ ሁለት ጊዜ መመለስ ነው። ሦስተኛው፣ ድንኳኑን መልሻለሁ ብሎ እያስመዘገበ ከሥሩ ሳይነሣ መቀመጥ ነው፤ ሌላው ሰው መጥቶ ሲነቅለው በራሱ ላይ ይወርድበታል። ይህ ከተመለሰ በኋላ መጠቀም የሚባለው ነው፤ ኮምፒዩተርን ለመስበር የሚፈልጉ ክፉ ሰዎች ከሚሹአቸው ቀዳዳዎችም አንዱ ይኸው ነው። አራተኛው፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በኪሱ ይዞ መሄድ ነው፤ የመጣው ሁሉ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። አምስተኛውና ምናልባትም ከሁሉ የሚከፋው፣ ዕቃውን በሥርዓት መልሶ ለአማቾቹ ግን «ሁሉም ተሳክቷል» ብሎ መላክ ነው። እንግዶቹ መጥተው ባዶ ሜዳ ያገኛሉ።

የቅሬው ነገር አንድ ትልቅ ቁም ነገር ያሳየናል። በእነዚህ ጥፋቶች የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው አይደለም። ድንኳን ያጣው እናቱ የሞተችበት ጎረቤት ነው። በሊኑክስም ይኸው ይደርሳል። ሜሞሪ ሊያልቅ ሲቃረብ ከርነሉ አስቀድሞ ለጊዜው የማያስፈልገውን ሁሉ ለማስለቀቅ ይሞክራል። ይህም ሳይበቃ ሲቀር የሜሞሪ እጥረት ገዳይ ልንለው የምንችለው ክፍል ይነሣል። ይህ ክፍል ለፕሮግራሞቹ ሁሉ ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡም በይበልጥ የሚመዘነው ፕሮግራሙ በያዘው ሜሞሪ ብዛት ነው። ከዚያ ትልቅ ነጥብ ያገኘውን ይገድለዋል። ነገር ግን ሜሞሪው ያለቀው ከርነሉ ራሱ በአንድ የስሕተት መንገድ እያፈሰሰው ቢሆንስ? ከርነሉ ያፈሰሰው ሜሞሪ አብዛኛውን ጊዜ በማንም ፕሮግራም ሒሳብ ላይ አይጻፍም። ስለዚህ ገዳዩ ጥፋተኛውን ሊያገኘው አይችልም፤ በሕጋዊ መንገድ ብዙ ሜሞሪ ይዞ ሥራውን በጸጥታ የሚሠራውን ፕሮግራም ይገድላል። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንደሚባለው ነው። ባለቤቱም የሞተውን ፕሮግራም ይከሰዋል፤ ከባድ ነበር፣ ሆዳም ነበር ይለዋል።

በእኛም ፕሮግራም የተገኘው ይህ ነው። መምህራችን አንዱ የሌላውን እንዳይወስድ ብለው ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የሜሞሪ ወሰን አድርገው ነበር። የእኛ ፕሮግራም ታዲያ አንድ ተማሪ የፈለገውን መጽሐፍ ባጣ ቊጥር ለፍለጋው የወሰደውን ሜሞሪ ሳይመልስ ይወጣ ነበር። ጥቂት በጥቂት እየፈሰሰ ወሰኑ ላይ ደረሰ። ደርሶም ያረፈው በዚያ ጓደኛችን ላይ ነው። ከእርሱ በፊት የመጡ ብዙ ተማሪዎች መጽሐፍ ያጡበት ጊዜ ሁሉ ተጠራቅሞ በአንድ ልጅ ስም ላይ ወረደ።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ኮድ የሚመረምር ሰው ምን ይጠይቃል? ካነበብነውና ከመምህራችን ከተማርነው አምስት ጥያቄዎችን በደብተራችን ጽፈናል።

አንደኛ፤ ሜሞሪ በተጠየቀበት ቦታ ሁሉ መልሱ ታይቷልን? በከርነሉ ውስጥ ኬማሎክ የተባለው ሰጪ ሜሞሪ ሲያጣ ባዶ አድራሻ ይመልሳል። ባዶነቱን ሳያይ የሚጠቀምበት ፕሮግራም ወዲያው ይወድቃል።

ሁለተኛ፤ ጥያቄው ሳይሳካ በቀረበት መስመር ላይ ጣታችንን አድርገን ወደ ላይ ስንወጣ ምን ምን ተይዞ ነበር? እያንዳንዱስ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በተገላቢጦሽ ተራ ተመልሷልን? በልጅነታችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተማሩን መምህራን መልሱን ብቻ አይተው ማርክ አይሰጡንም ነበር፤ ከመልሱ ተነሥተን ወደ ጥያቄው እየተመለስን እንድናረጋግጥ ያስገድዱን ነበር። ያን ጊዜ ያማርረን የነበረው ልማድ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ልማድ ሆኖ አገኘነው።

ሦስተኛ፤ የተያዘ ቁልፍ ተለቋልን?

አራተኛ፤ እውነቱ ለጠያቂው ደርሷልን? በሊኑክስ የሜሞሪ እጥረት ኢኖሜም የሚባል ስም አለው፤ ቊጥሩም 12 ነው። ኮዱ ይህን ቊጥር በኔጌቲቭ ምልክት ለጠራው ክፍል መመለስ አለበት። ዜሮ ከመለሰ ተሳክቷል ብሎ ዋሸ ማለት ነው።

አምስተኛ፤ በዚህ መንገድ በእውነት የሄደ ሰው አለን?

ይህ አምስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። ምክንያቱም የስሕተት መንገድ ሰው የማይሄድበት መንገድ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ዋናው መንገድ ቢቦረቦር መኪና ሁሉ ስለሚሄድበት በዚያው ቀን ይታወቃል። በክረምት ጎርፍ ሲዘጋው ብቻ የሚያገለግል ተለዋጭ መንገድ ቢኖር ግን፣ ድልድዩ መሰበሩ የሚታወቀው በዚያው በጎርፉ ቀን ነው።

አንዳንድ ሰው «ዛሬ ሜሞሪ በዝቷል፤ ስለማይሆን ነገር ለምን ትደክማላችሁ?» ብሎ ይጠይቀን ይሆናል። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን አንድ ነገር በሊኑክስ ታሪክ ውስጥ አለ። የሊኑክስ የሜሞሪ አስተዳደር ትንንሽ ጥያቄዎችን፣ ማለት እስከ 8 ገጽ ወይም 32 ኪሎባይት ድረስ ያሉትን፣ በተለመደው ሁኔታ ከቶ እንቢ አይልም ማለት ይቻላል፤ እስኪያገኝ ድረስ ደጋግሞ ይሞክራል። ብዙዎቹ የከርነል ጸሐፊዎች ግን ይህን ሳያውቁ ለእያንዳንዱ ትንሽ ጥያቄ የእንቢታ መንገድ ጽፈውለት ነበር። ጸሐፊዎቹ በ2014 መጨረሻ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ማለታችን ነው፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ተከራከሩ። እንቢ አለማለቱ ራሱ አንዳንድ ጊዜ ኮምፒዩተሩን አንቆ ያስቀረዋል። እንቢ ይበል ቢባል ደግሞ ለብዙ ዓመታት ማንም ያልሄደባቸው የስሕተት መንገዶች በአንድ ቀን ይከፈታሉ፤ ከውስጣቸው ምን እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም። ሊቃውንት የሠሩት ቤት እንኳ በሩን ለመክፈት የሚፈራ ክፍል አለው ማለት ነው።

ሌላም ማስረጃ እንጨምር። በዚያው በ2014 በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ተከፋፍለው የሚሠሩ አምስት ትልልቅ ሲስተሞችን መርጠው በእነርሱ ላይ የደረሱ 198 ብልሽቶችን መረመሩ። ሲስተሙን በሙሉ ወይም አብዛኛውን ተጠቃሚ ከጎዱት ታላላቅ ውድቀቶች መካከል 92 ከመቶ የሚሆኑት የመጡት፣ ፕሮግራሙ ራሱ ቀድሞ ያወቀውን ቀላል ስሕተት በትክክል ባለማስተናገዱ እንደ ሆነ አገኙ። ስሕተቱ አልተደበቀም ነበር፤ «ተሳስቻለሁ» ብሎ ተናግሮ ነበር። የሰማው ኮድ ግን ምን እንደሚያደርግ አላወቀም፤ ወይም ሰምቶ ዝም አለ። የቀደመው ዘመን ሰው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያለው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱስ ምንድን ነው? አንዱ መድኃኒት ማንበብ ነው፤ ሁለተኛው መሞከር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2007 መጀመሪያ ከወጣው ከ2.6.20 ሥሪት ጀምሮ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ሆን ብሎ እንቢ የሚል መሣሪያ አለ። ሜሞሪ ሞልቶ ሳለ የለም ይላል፤ መርማሪውም ኮዱ ምን እንደሚያደርግ ቆሞ ያያል። እኛም በትንሹ ፕሮግራማችን ላይ ይህንኑ አደረግን። የሜሞሪ ጥያቄ በቀረበበት ቦታ ሁሉ አንድ ጊዜ እንቢ እንዲል አደረግነውና መዝገቡን ከመደርደሪያው ዝርዝር ጋር አስተያየን። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ሦስት ሌሎች ጥፋቶችን አገኘን። ይህ ሁሉ የፈጀብን ጊዜ ያ አባት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ወጥተው ከተመለሱበት ጊዜ አይበልጥም።

በደንብ የታሰበበት የስሕተት መንገድ ሰውን እንደሚያድን ደግሞ የጨረቃው ጉዞ ይመሰክራል። በጁላይ 20 ቀን 1969 የአፖሎ 11 መንኮራኩር ወደ ጨረቃ ሲወርድ ኮምፒዩተሩ 1202 የሚል፣ ቈይቶም 1201 የሚል የማስጠንቀቂያ ቊጥር አሳየ። ትርጓሜውም ለአዲስ ሥራ የሚሰጥ ባዶ የሜሞሪ ቦታ አጣሁ ማለት ነው። የዚያ ኮምፒዩተር የሚጻፍበትና የሚጠፋበት ሜሞሪ በሙሉ 2,048 ቃል ብቻ ነበር። ከአንድ ራዳር የሚመጣ የማይፈለግ ምልክት የኮምፒዩተሩን ጊዜ ስለ ሰረቀ ሥራዎቹ ሳያልቁ ተደራረቡ። ነገር ግን በማርጋሬት ሃሚልተን መሪነት በኤም አይ ቲ ሲሠሩ የነበሩት የፕሮግራም ጸሐፊዎች እንዲህ ያለ ቀን እንደሚመጣ አስቀድመው አስበው ነበር። ኮምፒዩተሩ ሥራውን እንደ ገና ጀመረ፤ ለማረፍ የሚያስፈልገውን ሥራ ያዘ፤ የማያስፈልገውን ጣለ፤ የሆነውንም ለሰዎቹ በቊጥር ነገራቸው። ሁለቱ ሰዎችም በሰላም ዐረፉ። ልብ በሉ፤ ኮምፒዩተሩ አልተሳሳተም ማለታችን አይደለም። ስሕተት ደርሶበት የሚሄድበት መንገድ ተጠርጎ ስለ ጠበቀው ነው።

የዚህን ተቃራኒ ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በእኛ አቈጣጠር መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 302 ቊጥር በረራ፣ በተነሣ በ6 ደቂቃ በቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች ሞቱ። ይህ የሜሞሪ ጉዳይ አይደለም፤ የስሕተት መንገድ ጉዳይ ግን ነው። ኤምካስ የተባለው የቦይንግ 737 ማክስ ፕሮግራም የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚገፋ ነበር። አውሮፕላኑ ሁለት የአቅጣጫ መለኪያ ቢኖረውም ፕሮግራሙ የሚሰማው አንዱን ብቻ ነበር። ያ አንዱ ቢዋሽ ምን እናድርግ የሚለው መንገድ በሚገባ አልታሰበበትም። 5 ወር ከማይሞላ ጊዜ በፊት በኢንዶኔዥያ በዚያው ዓይነት አውሮፕላን 189 ሰዎች ሞተው ነበር። እንዲህም ሆኖ ከአደጋው በኋላ ጣታቸውን በአብራሪዎቹ ላይ የቀሰሩ ሰዎች በውጭ አገር አልጠፉም። ወር ሳይሞላ ግን የቦይንግ ኩባንያ ራሱ፣ በሁለቱም አደጋዎች ፕሮግራሙን ያስነሣው ከመለኪያው የመጣ የተሳሳተ ምልክት መሆኑን አመነ። በኋላም ፕሮግራሙ ሁለቱንም መለኪያዎች እንዲያስተያይ ተደርጎ ታረመ።

ይህን የተናገርነው የእኛን ትንሽ ጥፋት ከዚያ ታላቅ ኀዘን ጋር ለማስተካከል አይደለም፤ ከቶ አይስተካከልም። ነገር ግን የሁለቱም ሥር አንድ ነው። ነገር ሲበላሽ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ሳይጠየቅ ይቀራል፤ ነገሩም ሲበላሽ አጠገቡ የተገኘው ሰው ይከሰሳል። እኛ ሁለት ዝርዝር ይዘን አንዱን ብቻ አነበብን፤ ከዚያም «ኮምፒዩተር አይዋሽም» አልን። ኮምፒዩተር የነገሩትን ይደግማል እንጂ እውነትንም ውሸትንም አያውቅም።

የሊኑክስ ጸሐፊዎች አንድ መልካም ልማድ አላቸው። አንድ ሰው የሌላውን ኮድ መርምሮ ከተቀበለው፣ መርምሬዋለሁ የሚል መስመር ከነስሙ ከሥሩ ይጽፋል። ያ መስመር ከኮዱ ጋር በታሪክ መዝገብ ውስጥ ይኖራል። ስሙን የጻፈ ሰው ኮዱ ፍጹም ነው ብሎ አይምልም፤ ነገር ግን በሚገባ አይቼዋለሁ፣ ይገባል ብዬ አምኛለሁ ብሎ ኀላፊነቱን ይካፈላል። እኛም ይህን ልማድ ወደ ክበባችን አምጥተን አንድ የምርመራ ደብተር ከፍተናል። ከእንግዲህ በክበቡ የሚጻፍ ፕሮግራም ሁሉ ጸሐፊው ባልሆነ ሰው ሳይመረመርና አምስቱ ጥያቄዎች ሳይመለሱ ወደ ሥራ አይገባም።

ውድ ታናናሾቻችን ሆይ፤ እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ፈጽመን እንሄዳለን። ደብተሩን ለእናንተ እንተዋለን። ፕሮግራም ባትጽፉም እንኳ፣ ነገ በባንክ፣ በሆስፒታል ወይም በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ስትቀጠሩ አንድ ድሀ ሰው መጥቶ «አልወሰድሁም» ወይም «ከፍያለሁ» ይላችኋል፤ ኮምፒዩተሩ ደግሞ የለም ይላችኋል። ያን ጊዜ ሁለተኛውን ዝርዝር ፈልጉ። ሥራው በመካከል ተቋርጦ እንደ ሆነ፣ ከተቋረጠም የተጀመረው በሥርዓት ተመልሶ እንደ ሆነ ጠይቁ። ሰውየውን ከመክሰሳችሁ በፊት መንገዱን መርምሩ።

የበደልነው ጓደኛችን ይቅር ብሎን በሚቀጥለው ዓመት ወደ ክበባችን ገባ። አሁን በዚህ አዳራሽ ከእኛ ጋር ተቀምጧል፤ ስሙን እንድንጠራ ግን አልፈቀደልንም። በምርመራው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ በታረመው የውሰት ፕሮግራም ሥር፣ መርምሬዋለሁ ብሎ የፈረመው እርሱ ነው። ከመፈረሙ በፊት ሁለት ጊዜ መልሶብን ነበር።